ከአንኮበር እስከ አፍሪካ አዳራሽ

ከደብረ ሲና በስተደቡብ፣ ቆላውን ቁልቁል በሚመለከተው የተራራ ሰንሰለት ላይ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በመሆኗ በታሪክ ትታወቃለች። በዘመናዊው ሥነ ጥበባችን ታሪክ ደግሞ ስሟ የሚነሣው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. ስለ ተወለደባት ነው። ደጋውና ቆላው፣ ጭጋጉና ፀሐዩ የሚገናኙበትን ያን አገር ያየ ሰው የሠዓሊውን ቀለም ከትውልድ ቦታው ጋር ማያያዝ ይቀናዋል። ይሁን እንጂ ውብ አገር ብቻውን ሠዓሊ አያፈራም፤ ቢያፈራ ኖሮ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ሕዝብ ሁሉ ሠዓሊ በሆነ ነበር። አፈወርቅን ለዚያ ማዕርግ ያበቃው ምርጫና ጥናት ነው።

የልጅነት ዕድሜው ያለፈው በፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ አራት ዓመት አልሞላውም፤ ነፃነት ሲመለስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከጦርነት የወጣችው አገር መሐንዲስ ያስፈልጋት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነው። እርሱ ግን ሥዕልን መረጠ፤ በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ለሕዝብ ካሳየ በኋላ በተገኘው ዝና ረክቶ አልተቀመጠም። እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ኢጣሊያን፣ ስፔይንን፣ ፖርቱጋልንና ግሪክን እየዞረ አጠና፤ የባለቀለም መስተዋትን ጥበብ ቀሰመ። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች መረመረ። ለንደን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ወጣት የአባቶቹን ጥበብ ለማጥናት የባዕድን በር ማንኳኳቱ የዘመኑን መራራ እውነት ይገልጣል።

የዚህ ጥናት ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይታያል። በሦስት ክፍል የተሠራው፣ 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍነው የመስተዋት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይተርካል። በግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ብርሃን ይቀበላል፤ የመስተዋት ሥዕል ግን ብርሃኑን ራሱ እያቀለመ ያሳልፋል። ቀለማቱን የሚለየው ጥቁር መስመር በብራናው ላይ ሥዕሉን ከሚከበው ጥቁር መስመር ጋር ዝምድና አለው። ስለዚህ ከአውሮፓ የመጣው የእጅ ጥበብ ለአገሩ ዓይን እንግዳ አልሆነም። በግንቦት 1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው።

ዘመናዊነት በአንድ መንገድ ብቻ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው እኩያው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ረቂቅ ሥዕልን ይዞ ተመለሰ። አንዱ ትውፊቱን በሰው ቅርጽና በታሪክ አስቀጠለ፤ ሌላው ቅርጽን ራሱን ጠየቀ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የተማሩትን እንደ ወረደ አለመቅዳታቸው ነው።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ፤ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፈ። በሐረር ያቆመው የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ድንጋይም ነሐስም የሚቆሙት ሕዝብ ሲያውቃቸውና ሲከራከርባቸው፣ ከዚያም ሲጠብቃቸው ነው። ይህ ዕውቀት የሚጀመረው ከትምህርት ቤት ነው፤ የደብረ ሲና ተማሪ ስለ አንኮበር ነገሥታት ሲማር ስለ አንኮበር ሠዓሊም ሊማር ይገባዋል። ምሕንድስና እንዲማር የተላከው ልጅ ሥዕል መምረጡ አገርን መክዳት እንዳልነበረ የአዳራሹ መስተዋት ምስክር ነው።