ካናቢስ ለሕክምና ይፈቀድ? ክርክሩ፣ የሕክምና ማስረጃውና የአርሶ አደሩ ስሌት

ባሕር ዳር፦ እ.ኤ.አ በ2018 አጋማሽ አንዲት እናት ከካናዳ ያመጣችውን የካናቢስ ዘይት ይዛ ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። ዘይቱ በከባድ የሚጥል በሽታ ለሚሠቃየው የ12 ዓመት ልጇ መድኃኒት ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ተቆጣጣሪዎች ግን በእንግሊዝ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው በማለት ወሰዱባት። ልጁ በቀናት ውስጥ ሕመሙ ተነሥቶበት ሆስፒታል ገባ። ጉዳዩ አገር አነጋገረ፤ መንግሥትም ዘይቱ ለልጁ እንዲሰጥ በአስቸኳይ ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ከካናቢስ የተዘጋጁ መድኃኒቶችን ማዘዝ እንዲችሉ ተደረገ።

በብዙ አገሮች ክርክሩን የሚያቀጣጥለው እንዲህ ያለ የታማሚ ታሪክ ነው። ወሬው ወደ እኛ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ነው። የታመመ ልጅ ያለው ቤተሰብ “ዘይቱ ያድናል” ሲባል ይሰማል። አርሶ አደሩ “ከሰብል ሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ ያስገኛል” ሲባል ይሰማል። የከተማው ወላጅ ደግሞ “ዕፁን ሊፈቅዱት ነው” ብሎ ይሰጋል። ሦስቱ የሚሰሙት ስለ አንድ ተክል ቢሆንም ጥያቄዎቻቸው ግን ይለያያሉ። መድኃኒቱን ለታማሚ መፍቀድ አንድ ጉዳይ ነው። ተክሉን ማልማት መፍቀድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመዝናኛ መጠቀምን መፍቀድ ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ነው። አንዱን የፈቀደ አገር ሌሎቹን እንደከለከለ ሊቆይ ይችላል።

ተክሉና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች

ካናቢስ ዓመታዊ ተክል ነው። እንደ ፓፓያ ሁሉ ወንዴና ሴቴ አበባው ብዙውን ጊዜ በተለያየ ግንድ ላይ ይወጣል። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው አበባ ነው፤ ንጥረ ነገሮቹ በብዛት የሚከማቹት በአበባው ላይ በሚገኙ ሙጫ አመንጪ ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ነውና። አበባው ከወንዴው ብናኝ ካገኘ ጉልበቱ ወደ ዘር ስለሚሄድ የመድኃኒት ይዘቱ ይቀንሳል።

በተክሉ ውስጥ ከመቶ በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። በክርክሩ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሡት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው ቴትራሃይድሮካናቢኖል ወይም በአጭሩ ቲ.ኤች.ሲ. ሲሆን፣ የሚያሰክረውና አእምሮን የሚለውጠው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ በ1964 በእስራኤል የሚሠሩት ራፋኤል መሹላምና ባልደረባቸው ይህን ንጥረ ነገር ነጥለው አወቃቀሩን ለይተዋል። ሁለተኛው ካናቢዲዮል ወይም ሲ.ቢ.ዲ. ሲሆን አያሰክርም።

ሄምፕ በመባል የሚታወቀው የዚሁ ተክል ዝርያ ለቃጫ፣ ለገመድ፣ ለጨርቅና ለዘይት የሚለማ ነው። የቲ.ኤች.ሲ. መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። በአሜሪካ ከ0.3 በመቶ በላይ ቲ.ኤች.ሲ. የተገኘበት ማሳ በሕግ ፊት ሄምፕ መሆኑ ይቀርና ምርቱ እንዲወገድ ሊታዘዝ ይችላል።

ምን ያክማል? ምን አያክምም?

የሕክምና ማስረጃው ጠንካራ የሆነባቸው ሕመሞች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከተክሉ የተጣራ የሲ.ቢ.ዲ. መድኃኒት ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም አጽድቋል። መድኃኒቱ የጸደቀው ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ፣ በልጅነት ለሚጀምሩ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነበር። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ በ1985፣ ድሮናቢኖል የተባለ በቤተ ሙከራ የተሠራ ቲ.ኤች.ሲ. በካንሰር መድኃኒት ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ተፈቅዷል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2010 ሳቲቬክስ የተባለ በአፍ የሚረጭ መድኃኒት፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለ የነርቭ በሽታ ጡንቻቸው ለሚገታተር ታማሚዎች ፈቃድ አግኝቷል። ሥር ለሰደደ ሕመም የሚሰጠውን ጥቅም በተመለከተም ጥናቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ ባለሙያዎች በጥቅሙ መጠን አይስማሙም።

ካናቢስ ካንሰርን፣ የስኳር በሽታን ወይም ኤች.አይ.ቪን እንደሚያድን የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። የተፈቀዱት መድኃኒቶችም ቢሆኑ ጉዳት አላቸው። ኤፒዲዮሌክስ ጉበትን ሊያውክና ከሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ታማሚው በደም ምርመራ ይከታተላል። ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ዕፅ በተለይ በወጣትነት አዘውትሮ መውሰድ ለሱስ፣ ለማስታወስ ችግርና ለአእምሮ መቃወስ ያጋልጣል። በቤተሰባቸው የከፋ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአሽከርካሪዎችም አደጋው ከፍ ያለ ነው።

በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በተገቢው ሕክምና ላይ አይደሉም። ፊኖባርቢታልን የመሰሉ ርካሽ መድኃኒቶች ግን ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ይጠቅማሉ። የኤፒዲዮሌክስ ዓይነቱ መድኃኒት ሌላው መድኃኒት ያልመለሰላቸውን ጥቂት ታማሚዎች የሚመለከት ነው። ስለዚህ የታማሚ ቤተሰብ ስለ “ዘይቱ” ሰምቶ የጀመረውን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በከፋ ሁኔታ ሊመለስና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የሁለቱ ወገኖች መከራከሪያ

መፍቀድን የሚደግፉ ወገኖች ሞርፊንን በምሳሌነት ያነሣሉ። ሞርፊን የሚገኘው ኦፒየም ከሚመረትበት ፖፒ ከተባለ ተክል ነው። ኦፒየም በዓለም ዙሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት አደንዛዥ ዕፅ ቢሆንም ሞርፊን በሆስፒታል በልዩ ማዘዣ ይሰጣል፤ በኢትዮጵያም እንዲሁ። ታዲያ ካናቢስ ለምን ይለያል? ይላሉ። ታማሚው በሕጋዊ መንገድ ካላገኘው ይዘቱና ንጽሕናው ያልታወቀ ዘይት ከመንደር ነጋዴ ይገዛል ሲሉም ያክላሉ።

ተቃዋሚዎች በበኩላቸው “ለሕክምና” የሚለው ቃል ለሌላው አጠቃቀም በር ይከፍታል ይላሉ። ለዚህም የአሜሪካዋን ካሊፎርኒያ ይጠቅሳሉ። ግዛቷ እ.ኤ.አ በ1996 ለሕክምና ፈቅዳ፣ በ2016 ደግሞ ለመዝናኛም ፈቅዳለች። ቁጥጥሩ በላላ አገር ለመድኃኒት ተብሎ የለማው ምርት ወደ ወጣቶች እጅ ይገባል የሚለውም ሥጋታቸው ነው። አንድ መድኃኒት በተጠናቀቀ ጥናት እንጂ በሕዝብ ድምፅ ወይም በፓርላማ ክርክር ሊጸድቅ አይገባም የሚሉ ሐኪሞችም አሉ።

የእንግሊዝ ተሞክሮ ለሁለቱም ወገን ትምህርት አለው። ሕጉ ከተሻሻለ በኋላም በመንግሥት ሆስፒታሎች ማዘዣ ያገኙት ታማሚዎች ጥቂት ናቸው። ብዙዎች ወደ ግል ክሊኒክ ሄደው ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ለታማሚው ሕግ መውጣቱ ብቻውን መድኃኒት ማግኘት ማለት አልሆነለትም።

ዓለም አቀፉ ሕግ ምን ይላል?

ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ የ1961 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ጋር መድቦት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበ። ካናቢስ ሄሮይን ካለበት ሠንጠረዥ አራት እንዲወጣ በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ ሲደግፉ ግብፅ፣ ኬንያና ናይጄሪያ ተቃውመዋል።

ይህ ውሳኔ “ዓለም ካናቢስን ፈቀደ” ተብሎ በስሕተት ተተርጉሟል። ተክሉ አሁንም በሠንጠረዥ አንድ ውስጥ ይገኛል። የውሳኔው ፍሬ ነገር ተክሉ የሕክምና ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል መታወቁ ነው። ስምምነቱ ልማቱን ለሚፈቅድ አገር ጥብቅ ሥርዓት አስቀምጧል። ቦታውን የሚወስን፣ ፈቃድ የሚሰጥና ምርቱን የሚረከብ የመንግሥት ተቋም መኖር አለበት። ተቋሙም ምርቱ በተሰበሰበ ከአራት ወር ባልበለጠ ጊዜ መረከብ ይገባዋል። በዚህ ሥርዓት አርሶ አደሩ ምርቱን ገበያ አውጥቶ ለፈለገው መሸጥ አይችልም።

የአፍሪካ አገሮች ተሞክሮ

ሌሶቶ እ.ኤ.አ በ2017 ለሕክምና ካናቢስ ልማት ፈቃድ በመስጠት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆናለች። የአገሪቱ ተራራማ አካባቢ አርሶ አደሮች ተክሉን በድብቅ ሲያለሙ ኖረዋል። ሕጋዊው ዘርፍ ሲከፈት ግን በአመዛኙ የገቡበት የውጭ ካፒታል ያላቸው ኩባንያዎች ናቸው። የፈቃድ ክፍያውና የግንባታ ወጪው ከአነስተኛ አርሶ አደር አቅም በላይ ነበር። ዚምባብዌም እ.ኤ.አ በ2018 ልማቱን ስትፈቅድ ለአምስት ዓመት ፈቃድ የጠየቀችው ክፍያ 50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ ልማቱን የፈቀደችው ምርቱን ወደ ውጭ ለመላክ ነው። በአገር ውስጥ ዕፁን ለመዝናኛ መጠቀም እንደተከለከለ ነው። ማሳው አጥር፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የጥበቃ ማማና የሌሊት መብራት እንዲኖረው ትጠይቃለች።

ሞሮኮ የተለየ መንገድ መርጣለች። በሪፍ ተራሮች የሚኖሩ አርሶ አደሮች ለብዙ ትውልድ ተክሉን ሲያለሙ፣ ከሕግም ሲሸሹ ኖረዋል። እ.ኤ.አ በ2021 የወጣው ሕግ ልማቱን በተወሰኑ አውራጃዎች ብቻ ፈቅዶ፣ አርሶ አደሮች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ፈቃድ ላላቸው አቀነባባሪዎች በውል እንዲያስረክቡ አደረገ። እ.ኤ.አ በ2023 የተሰበሰበው የመጀመሪያው ሕጋዊ ምርት 294 ቶን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ ከካናቢስ ልማት ጋር በተያያዘ ለተፈረደባቸው ወይም ለሚፈለጉ ከ4 ሺህ 800 በላይ ሰዎች ምሕረት አድርገዋል። ከእነዚህ አገሮች መካከል አነስተኛውን አርሶ አደር በሕጉ ማዕከል ያደረገችው ሞሮኮ ናት።

የአርሶ አደሩ ስሌት

የመድኃኒት ተክል እንደ ሌላው ሰብል በኩንታል ብቻ አይመዘንም። ገዢው የሚጠይቀው በእያንዳንዱ ምርት ውስጥ ተመሳሳይ የንጥረ ነገር መጠን እንዲኖር ነው። ለዚህም የታወቀ ዝርያ፣ ከሻጋታ የጠራ ማድረቂያና የቤተ ሙከራ ምርመራ ያስፈልጋሉ። ተክሉ ካድሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን ከአፈር የመምጠጥ ባሕርይ ስላለው የማሳው አፈርም ይመረመራል። የፀረ ተባይ ቅሪት የተገኘበት ምርት ለመድኃኒት አይውልም። ይህን ሁሉ ያላሟላ ምርት በሕጋዊው ገበያ ገዢ የለውም።

ሁለተኛው ስሌት ገበያው ነው። ካናዳ ውስጥ ዘርፉ በተስፋ ከተስፋፋ በኋላ ምርቱ ከፍላጎት በላይ ሆኖ ሳይሸጥ የቀረው በብዛት ተወግዷል። የእኛ አርሶ አደሮችም ከጫት የተማሩት ነገር አለ። ጫት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ቢሆንም እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ2014 ስትከለክለው ያ ገበያ በአንድ ውሳኔ ተዘግቷል። ዋጋው በሌላ አገር ሕግ ላይ የተንጠለጠለ ሰብል ሁልጊዜ ይህ ሥጋት አለበት፤ ለምግብነት እንኳ የማይውል ከሆነ ደግሞ አርሶ አደሩ በጎተራው የሚያስቀረው ነገር አይኖርም።

በኢትዮጵያ ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል። ካናቢስን ማብቀልና መሸጥ በጽኑ እስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። በሻሸመኔ ለሚኖሩ የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች ተፈቅዷል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ሕጉ ለአካባቢም ሆነ ለእምነት የተለየ ፈቃድ አልሰጠም።

ስለዚህ “ሊፈቀድ ነውና ቀድመህ ዝራ፣ ምርቱን እኔ እገዛሃለሁ” የሚል ደላላ የሚመጣ ከሆነ አርሶ አደሩ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ፈቃዱን የሰጠው የትኛው የመንግሥት ተቋም ነው? ውሉስ የት ተመዘገበ? ደላላው መልስ ከሌለው የሚጠፋው እርሱ ነው፤ ማሳውና ተጠያቂነቱ ግን ከአርሶ አደሩ ጋር ይቀራሉ።

ክርክሩ አንድ ቀን ወደ እኛ ምክር ቤትም ቢመጣ፣ ጥያቄዎቹን ለይቶ ማንሣት ውሳኔውን ቀላል ያደርገዋል። ሌላ መድኃኒት ያልመለሰላት ሕፃን የተመረመረና የተመዘነ መድኃኒት ከውጭ ገብቶ በሐኪም ማዘዣ እንድታገኝ ለማድረግ አንድም ጥማድ መሬት መታረስ አያስፈልገውም። ልማቱ የሚታሰብ ከሆነም ፈቃዱ ለማን፣ በስንት ብርና በምን ዓይነት ውል እንደሚሰጥ አርሶ አደሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።