ወንበሩን ማን ይስጥ?

በአገራችን ዳኛን መምረጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ ልማድ ሁለት ባላጋራዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አላፊውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም እምቢ ማለት ነውር ስለሆነበት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሙግታቸውን ይሰማል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ዳኛ ነውና። ጉዳዩ ሲከብድ ግን ወደ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹም ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይወጣል። እነዚያን ሁሉ የሚሾምም የሚሽርም ንጉሡ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰፈር ነዋሪ ዳኛውን የመረጠው በደርግ ዘመን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ሲያቋቁም የፍርድ ሸንጎም አብሮ አቋቋመ፤ ዳኞቹን የሚመርጡት ነዋሪዎቹ ነበሩ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ጠበቃ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ድሃ በደጁ ፍርድ አገኘ። ነገር ግን ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ከመምረጥም ከመመረጥም ለጊዜው ታግደው ነበር። ከሁለቱ ባላጋራዎች አንደኛው ዳኛ ከሚመረጥበት ስብሰባ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ራሱ ጠመንጃ ያዘ፤ በቀይ ሽብር ወራት «የተመረጠ» የሚለው ቃል ምን ትርጉም እንደነበረው ለአንባቢ አልነግርም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሹመት ሄደ። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያጫል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። እኔ የሹመት ወገን ነኝ። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ዳኛ እንደ ፖለቲከኛ ገንዘብ አሰባስቦ ይወዳደራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሕዝብ የጠላውን ተከሳሽ ሲዳኝ በሚቀጥለው ምርጫ የሚያጣውን ድምፅ አያስብም ማለት ይከብደኛል።

ምስክሬ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ ዳኛዋ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። በዚያን ሰሞን ለአቶ ስዬ እጁን የሚያወጣ የሰፈር ስብሰባ ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ሕዝቡም ለተከሳሹ የሚያዝንበት ምክንያት አልነበረውም፤ ዳኛዋ ግን ሕጉን ብቻ ተመለከቱ።

አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ እንደገና ተያዙ። ቀጥሎም በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። አዋጁን ያወጣው ዳኞችን የሚሾመው ያው ምክር ቤት ነበር። የሹመቱ ጎደሎ እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛውን ከመራጭ ቁጣ ቢጠብቀውም ከሿሚው እጅ አላዳነውም።

ወይዘሪት ብርቱካን በኋላ ወንበሩን ትተው ፖለቲካ ገቡ፤ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቀው የቃሊቲ ወህኒ ቤትም ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ መጀመሪያ ከ1998 እስከ 1999፣ ቀጥሎም ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም.። በ2011 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው።