ባራራን የያዘው ካርታ
የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ የጠፋችው የነገሥታት ከተማ ባራራ ከአዋሽና ከዝቋላ ጋር ትታያለች። ወሬው ከሩቅ የተለቀመ አይደለም፤ አገራቸውን በገዛ እጃቸው ሥለው ያሳዩት የሐበሻ ካህናት እንደሆኑ መነኩሴው ራሱ ጽፏል። የንጉሡ መቀመጫ ድንኳን ስለነበር ከተማ አልነበረም የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የገለጸው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሠፈር ነው። ነገር ግን የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው የመናዊው አረብ ፈቂህም ባራራን በስሟ ይጠራታል። ጊዜያዊ ሠፈር ብትሆን ስሟ ከድንኳኑ ጋር በተነቀለ ነበር። በእንጦጦ ያለው ባለማማ የድንጋይ ቅጥር ባራራ ነው የሚለው ግምት ይማርካል፤ ሆኖም ካርታው አካባቢውን እንጂ ተራራውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ፍርዱ የቁፋሮ ነው።