የጨዋ አበላል

ከዓመታት በፊት ፒያሳ፣ አንድ ምግብ ቤት። አንድ አባት ጥብሱን ድምፅ እያሰማ ሲያላምጥ ልጁ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አባዬ፣ ሰው እኮ ይሰማል!» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

እኔ ጀምስ ብሩስ ትዝ አለኝ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይህ ስኮትላንዳዊ (ማጋነን ይወዳል ቢባልም) በመኳንንቱ ግብር ላይ ጉርሻው በተለቀ፣ የማላመጡ ድምፅ በጎላ ቁጥር ጨዋነት እንደነበር ጽፏል። በትንሽ በትንሹ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላማ ለማኝና ሌባ ነው ይባል ነበር አሉ።

ታዲያ ነውሩ መቼ ተገለበጠ? በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ አራዳ ላይ ሆቴል አስከፈቱ። ከሹካና ቢላዋው ጋር የፈረንጅ ዝምታም ማዕዳችን ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም።

ያ አባት ባለጌ አልነበረም፤ የሌላ ዘመን ጨዋ እንጂ። ይህን ለልጅቷ ሳልነግራት መውጣቴ ዛሬም ይቆጨኛል።