የቁማር ጉዳት፦ ገቢው ይቆጠራል፣ ጉዳቱስ?

የቁማር ጉዳት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የተበላውን ገንዘብ ነው። ተመራማሪዎች ግን ዕዳን፣ የቤተሰብ መፍረስን፣ ከትምህርትና ከሥራ መስተጓጎልን፣ ጭንቀትንና ራስን ማጥፋትንም ይጨምሩበታል። እአአ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ የቁማር ሕመምን ከሱስ ጋር መድቦታል። በ2024 የላንሴት የሕዝብ ጤና ኮሚሽን ባወጣው ግምት፣ በዓለም 80 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች የቁማር ሕመም ወይም ችግር ያለበት የቁማር ልማድ አለባቸው።

በኢትዮጵያ የጥናቱ ሥራ ከገበያው ኋላ ቀርቷል። የአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የቁማር ልማድ የፈተሸ ጥናት በ2015 ታትሟል፤ ይህም የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ከመስፋፋታቸው፣ በሞባይል ገንዘብ መወራረድም ከመለመዱ በፊት ነው። የዛሬውን ወጣት በዚያ መመዘን አይቻልም።

መመዘኛውም ራሱ ማስተካከያ ይሻል። በስፋት የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በ2001 በካናዳ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንደኛው ጥያቄ ለቁማር ሲባል ገንዘብ መበደርን ወይም ንብረት መሸጥን ይመለከታል። እቁብ ወጥቶለት ብሩን በውርርድ የጨረሰ ሰው አልተበደረም፣ ዕቃም አልሸጠም፤ ቀሪዎቹን ዙሮች ግን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የእቁቡ ዳኛና ዋሱ የሚያውቁት ይህ ጉዳት ለብቻው ካልተጠየቀ ከመጠይቁ ሊያመልጥ ይችላል።

የመረጃ እጥረት ውሳኔንም ያዳክማል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የስፖርት ውርርድ ቤቶች እንዲዘጉ አድርጓል። ተወራራጮቹ ልማዱን ተዉት ወይስ ወደ ስልካቸው ዞሩ? ይህን ለመመለስ ቤቶቹ ከመዘጋታቸው በፊትም በኋላም የተሰበሰበ መረጃ ያስፈልጋል። በሱዳን ደግሞ የ1991ዱ የወንጀል ሕግ ቁማርን ይከለክላል፤ በኻርቱም ዐማራትም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚጫወት ሰው ለማያውቀው ጠያቂ እውነቱን ይናገራል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል።

ሌላው ጥያቄ የገንዘብ ምንጭ ነው። አቋማሪ ድርጅቶች በፈቃዳቸው የሚደግፉት ጥናት ነጻነቱ ያጠራጥራል። ብሪታኒያ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ድርጅቶቹን በሕግ የሚያስገድድ መዋጮ ጥላለች፤ ከሚሰበሰበው ውስጥ ግማሹ ለሕክምና፣ 30 በመቶው ለመከላከል፣ 20 በመቶው ለምርምር ተመድቧል።