የዳግም ዘር ክልል ታሪክ

በሾላ ገበያ አንድ ነጋዴ ትክክለኛ ካሬ የሆነ 9 ካሬ ሜትር ሸራ ቢዘረጋ፥ ጎኑ 3 ሜትር ነው። ስፋቱ ከዜሮ ያነሰ ሸራ ግን ከቶ አይገኝም። እንዲሁም ከአንድ ቁጥር 5 ቀንሰን የቀሪውን ዳግም ዘር ብንፈልግ፥ ቁጥሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ የተፈቀደው ክልል ዶሜይን ይባላል።

ደንቡም ረዥም ታሪክ አለው። ሕንዳዊው ሊቅ ባስካራ በ12ኛው መቶ ዓመት ኔጌቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር የለውም አለ፤ ማናቸውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ አይሆንምና። ኢጣሊያዊው ካርዳኖ በ1545 እ.ኤ.አ. 10ን ብዜታቸው 40 ለሚሆን ሁለት ክፍል ሲከፍል የኔጌቲቭ 15ን ዳግም ዘር አገኘ። የአገሩ ሰው ቦምቤሊም በ1572 ለእነዚህ አዳዲስ ቁጥሮች የስሌት ደንብ አወጣ።

እንግዲህ ክልሉን የሚወስነው የምንሠራበት የቁጥር ዓይነት ነው። ስለዚህ ተማሪ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከማስላታችን አስቀድሞ ይህን እንጠይቅ።