ተራራውን ከላይ ያዩት

በደቡብ ምዕራብ ስዊዘርላንድ፣ የሮን ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ፣ ሲዮን የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ከመካከሏ ሁለት ቋጥኝ ኮረብቶች ተነሥተው ይታያሉ፤ በአንደኛው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ላይ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። በስተ ሰሜንም በስተ ደቡብም ዓመት እስከ ዓመት በረዶ የማይለያቸው የአልፕስ ተራሮች ከተማዪቱን እንደ አጥር ከበዋታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1898 ከዚህች ከተማ «ቬጋ» የተባለ ባሉን አራት ሰዎችን በቅርጫቱ ይዞ ወደ ሰማይ ተነሣ። ካፒቴኑ ኤድዋርድ ስፔልተሪኒ ነበር። ከእርሱ ጋር የዙሪኩ የሥነ ምድር ሊቅ አልበርት ሃይም፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪው ዩልዩስ ማውረርና አንድ ሌላ ተሳፋሪ ነበሩ።

ሃይም በዚያን ጊዜ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ የአልፕስን ተራሮች በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከየጫፉ ላይ ተቀምጦ ያየውን መስመር በመስመር ሲሥል የኖረ ነው። የምድር ቅርፊት እንደ ጨርቅ ተጨማዶና ተጣጥፎ ተራራ መሆኑን ለማስረዳት ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ስሙ በመጀመሪያው ረድፍ ይጠራል። ይሁን እንጂ በእግሩ የሚሄድ ሰው ተራራን ሁል ጊዜ በቁራጭ ነው የሚያየው። አንዱ ሸንተረር ሌላውን ይጋርዳል፤ ከጫፍ ሲደርሱም የተረገጠው ጫፍ ራሱ አይታይም። ስለዚህ ሃይም ሙሉውን ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ለማየት መመኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

ምኞቱ የተሟላለት ግን መሬትና ሰማይ በፈቀዱት መጠን ብቻ ነበር። ዕቅዳቸው ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የአልፕስን አናት በርዝመቱ ለማቋረጥና ወደ ቦደን ሐይቅ አቅጣጫ ለመድረስ ነበር። ነፋሱ ዕቅዱን አላነበበም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዟቸው ነጎደ። ባሉን መሪ የለውም፤ ቀዛፊም የለውም። ባለ ባሉኑ የሚያዝዘው ከፍታውን ብቻ ነው። ለመውጣት በጆንያ የያዘውን አሸዋ ያፈስሳል፤ ለመውረድ ከአናቱ በኩል ያለውን መክፈቻ በገመድ ስቦ ጋዝ ይለቅቃል። በየከፍታው የሚነፍሰው ነፋስ የተለያየ አቅጣጫ ስላለው፣ ጥበቡ ሁሉ ወደሚፈልጉት ወገን የሚሄደውን የአየር ንብርብር ወጥቶ ወይም ወርዶ መፈለግ ነው። አሸዋውም ጋዙም የሚያልቅ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የባከነው በጉዞ ላይ አይተካም።

«ቬጋ» ከ3000 ሜትር ኩብ በላይ ሃይድሮጅን ይይዝ ነበር። ከዲያብለሬ ተራራ በላይ አልፎ፣ ከኒውሻቴል ሐይቅ ጫፍ ላይ የምትገኘውን የኢቨርዶን ከተማ ተሻግሮ፣ የዩራን ተራሮች ተራምዶ ፈረንሳይ ገባ። ከአምስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በላንግር ከተማ አካባቢ ከአንድ የገጠር መንደር አጠገብ አረፈ። የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ወደ 6800 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከራስ ደጀን ጫፍ በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር የማያንስ ማለት ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ግማሽ አይሞላም፤ ልብ ይመታል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ዐሳብ ይዘገያል።

በባሉን የተጓዙ ሰዎች ሁሉ ከሚመሰክሩት ነገር አንዱ ጸጥታው ነው። ባሉኑ ከነፋሱ እኩል ስለሚሄድ በቅርጫቱ ውስጥ ነፋስ አይሰማም፤ በምድር ላይ ዛፍ የሚያጎነብስ ነፋስ እዚያ ላይ የፀጉርን ጫፍ አያንቀሳቅስም። ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ጊዜ የውሻ ጩኸትና የላም አንገት ቃጭል ከታች ጥርት ብሎ ይሰማል። ሐይቁ ከጎን ሲያዩት ብርሃን የሚመልስ መስታወት ነው፤ ከአናቱ ሲያዩት ግን ይጠቁራል፣ ጥልቀቱንና በዳርቻው ያለውን አሸዋ ይገልጣል። ተራራውም ቁመቱን ያጣል። ከታች ሆኖ አንገት የሚያስቀና የነበረው ገደል ከላይ ሲታይ የጥላ መስመር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከላይ የማየት መብት ከመጀመሪያው ጀምሮ የማን እንደሆነ ያልለየለት ጉዳይ ነበር። በ1783 የአኖኔ ወረቀት ሠሪዎች የነበሩት የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች የሞቀ አየር የታጨቀበት ከረጢት ወደ ሰማይ እንደሚወጣ አሳዩ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከአካባቢው አየር አንድ አራተኛ ኪሎ ያህል ይቀልላል። ሃይድሮጅን ግን በሜትር ኩብ ከአንድ ኪሎ በላይ ያነሣል። በሴፕቴምበር ወር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ ንጉሡ እየተመለከተ፣ አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ በሞቀ አየር ባሉን ወጡ። በኖቬምበር 21 ቀን ደግሞ ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ በፓሪስ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በረሩ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በነሐሴ ወር የሆነው ነው። ሊቁ ዣክ ሻርል ከፓሪስ የለቀቀው ሰው ያልጫነ የሃይድሮጅን ባሉን ጎኔስ በምትባል መንደር ወደቀ። ከሰማይ የወረደውን፣ እየተነፋ የሚንፈራፈረውን፣ መጥፎ ሽታ ያለውን ነገር ገበሬዎቹ በመንሽና በዱላ ተቀበሉት፤ ቀዳደው ቀዳደው ጣሉት። የፓሪስ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቀልድ ሲደጋግሙት ኖረዋል። መንግሥትም ሕዝቡ እንዳይፈራ የሚመክር ማስታወቂያ አሳትሞ አሠራጨ። ማስታወቂያው የወጣው ግን ባሉኑ ከወደቀ በኋላ ነው። ለገበሬው ማንም አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ከተማው በቲኬት ገብቶ ሲያጨበጭብ፣ ገጠሩ ደግሞ የሙከራው መውደቂያ ሆነ። ድንቁርና ተብሎ የተሣቀበት ነገር ሲመረመር፣ ማሳውን ሊጠብቅ የወጣ ሰው የወሰደው እርምጃ ሆኖ ይገኛል።

በኋላም ቢሆን መውጫው የከበርቴ ነበር። ስፔልተሪኒ ራሱ ከተራ ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው ነው፤ የትውልድ ስሙ ሽዋይትሰር፣ ትርጉሙም «ስዊዛዊ» ነው። ለአደባባይ ግን የጣልያንኛ ዜማ ያለው ስም መረጠ፤ ለትርኢት ሥራ አገርኛ ስም አይሸጥም ነበርና። ባሉኑን ያቆሙለት ከፍለው የሚሳፈሩ መኳንንትና ሀብታሞች ነበሩ። ልዩ ያደረገው፣ ያየውን ለራሱ ብቻ አለማስቀረቱ ነው። ከባድ የፎቶግራፍ መሣሪያና የመስታወት ሰሌዳዎች በቅርጫቱ ይዞ ይወጣ ነበር። የሰሌዳዎቹ ክብደት የአሸዋውን ድርሻ ይሻማል፤ ቅርጫቱም ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ የሚፈልገው ጫፍ ፊት ለፊት እስኪመጣ ጠብቆ በቅጽበት መምታት ነበረበት። ከዚያም ከከተማ ከተማ እየዞረ ሥዕሎቹን በብርሃን መሣሪያ በነጭ ሸራ ላይ እያሳየ ንግግር ያደርግ ነበር። ከፍሎ ወደ ሰማይ መውጣት የማይችለው የከተማ ሠራተኛና የትምህርት ቤት ልጅ የአገሩን ተራራ ከላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በእነዚህ ጨለማ አዳራሾች ውስጥ ነው።

ከላይ የማየት ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ደጃፍ የደረሰው ግን በሥዕልም በሳይንስም ስም አልነበረም። በጥር 1879 ዓ.ም. (በ1887 እ.ኤ.አ.) ራስ አሉላ በዶጋሊ የጣልያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ የሮም መንግሥት በጄኔራል ዲ ሳን ማርዛኖ የሚመራ ከፍተኛ ጦር ወደ ምፅዋ ላከ። ከዚህ ጦር ጋር የባሉን ክፍል ነበረበት። በሰሐጢ ምሽግ በገመድ የታሰረ ባሉን ወደ ላይ እየተለቀቀ፣ ከቅርጫቱ ውስጥ የተቀመጠ መኮንን የደጋውን መውረጃ በመነጽር ይቃኝ ነበር። በ1880 ዓ.ም. መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሐጢ በቀረቡ ጊዜ ጣልያኖች ከምሽጋቸው አልወጡም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምሽጉን ሳያጠቁ ተመለሱ። የተመለሱበት ምክንያት ብዙ ነው፦ የስንቅ እጥረት፣ በምዕራብ የደርቡሽ ዛቻ፣ በስተ ኋላ የቀሩት ነገሥታት ነገር። ባሉኑ ጦርነቱን ወሰነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የሠፈሩን ድንኳን ከሰማይ የሚቆጥር ዓይን በዚህ ምድር ላይ የተንጠለጠለው ያን ጊዜ ነው።

ዓይኑ ያየውን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ በዓድዋ የሆነው ይህን ያስታውሳል። ጄኔራል ባራቲየሪ ለበታች አዛዦቹ ያደለው ረቂቅ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለ ቦታው አስቀምጦት ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ የአገሩ ተወላጆች እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ወደ ፊት መሆኑን ሲነግሩት፣ ብርጌዱን ይዞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደዚያ ገሠገሠ። ስሙን የሚያውቀው ባላገርና ቅርጹን የሣለው መኮንን በአንድ ወረቀት ላይ አልተገናኙም ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ ብርጌዱ ለብቻው ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ቆሞ ተገኘ።

ሊቁ ሃይምም ከዚህ ዓይነት ስሕተት አላመለጠም፤ የእርሱ በሰው ደም አልተከፈለም እንጂ። በስዊዘርላንድ ግላሩስ አውራጃ ውስጥ አሮጌ ዐለት በወጣት ዐለት ላይ ተጭኖ የሚታይበት ተራራ አለ። ሃይም የመምህሩን የኤሸርን ዐሳብ ተከትሎ፣ ይህ የሆነው ምድሪቱ ከሰሜንና ከደቡብ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ስለተጣጠፈች ነው ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። በ1884 ፈረንሳዊው ማርሴል በርትራን፣ ግላሩስን በእግሩ ሳይረግጥ፣ ሃይም ራሱ የጻፈውን መግለጫ አንብቦ ሌላ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፦ ሁለት እጥፋት የለም፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተገፋ ግዙፍ የዐለት ምንጣፍ ነው። ትክክለኛው የበርትራን ነበር። ሃይም በ1898 ከደመና በላይ ሆኖ አልፕስን ሲመለከት ገና በአሮጌው ዐሳቡ ጸንቶ ነበር፤ የተቀበለው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ባልደረቦቹ ማስረጃ በማስረጃ ላይ ከደረደሩ በኋላ ነው። አምኖ መቀበሉ ደግሞ የሚያስመሰግነው ነው፤ ስሙ የገነነ ሊቅ በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» ሲል የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በሃይድሮጅን ተሸንፎ የተረሳው የሞቀ አየር ባሉን የተመለሰው በ1960 ነው። አሜሪካዊው ኤድ ዮስት ናይሎን ጨርቅንና የፕሮፔን ምድጃን አቀናጅቶ ኔብራስካ ውስጥ በረረ። ከእንግዲህ እሳቱን በመክፈትና በመዝጋት ብቻ መውጣትና መውረድ ተቻለ፤ አሲድና ብረት እያፈሉ ጋዝ ማዘጋጀት ቀረ። በ1972 ዶን ካሜሮንና ማርክ ያሪ አልፕስን በሞቀ አየር ባሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገሩ። በ1979 ደግሞ ሻቶ ዴ በምትባለው የስዊዘርላንድ የተራራ ከተማ የባሉን በዓል ተጀመረ። በዓሉ የሚከበረው በጥር ብርድ ነው፤ የውጪው አየር በቀዘቀዘ መጠን የሞቀው አየር የማንሣት ኃይሉ ይበልጣልና።

ስፔልተሪኒ ይህን አላየም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ድንበሮችን ዘጋበት፤ መኳንንቱን በተነበት፤ ከጦርነቱ በኋላ በመጣው የገንዘብ ውድቀትም ያጠራቀመው ጥሪት ቀለጠ። በመጨረሻ ኦስትሪያ ውስጥ ዚፕፍ በምትባል መንደር ተጠግቶ፣ ዓለም ረስቶት፣ በጁን 16 ቀን 1931 አረፈ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 27፣ የአገሩ ልጅ ኦጉስት ፒካር ከአውግስቡርግ ከረዳቱ ጋር በታሸገ የአሉሚኒየም ሉል ውስጥ ተነሥቶ 15781 ሜትር ደርሶ ነበር። ያረፈውም በዚያችው ኦስትሪያ፣ በቲሮል በረዶ ላይ ነው። የልጅ ልጁ ቤርትራን ፒካር ደግሞ ከብራያን ጆንስ ጋር በማርች 1 ቀን 1999 ከሻቶ ዴ ተነሥቶ፣ ዓለምን ያለማቋረጥ ዞሮ፣ ከሃያ ቀን በኋላ ግብፅ በረሃ ላይ አረፈ። ባሉናቸው ጋዝንና የሞቀ አየርን ያጣመረ ነበር፤ ፒላትር ደ ሮዚዬ በ1785 እንዲሁ አጣምሮ ሲሞክር ወድቆ የሞተበት ዓይነት፣ ጋዙ ግን አሁን የማይነደው ሂሊየም ነው።

ግብፅ ለስፔልተሪኒም እንግዳ አልነበረችም። በ1904 የጊዛን ፒራሚዶች ከባሉኑ ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል። በሥዕሉ ላይ የድንጋዮቹ ረድፍ፣ የጥላው ሦስት ማዕዘንና የአሸዋው መንገድ ጎልተው ይታያሉ። ከመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ነጥብ ናቸው።